የሚወዱትን መጽሐፍ ስለ መቀየም
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በ1955 ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አንዲት አሜሪካዊት እናት ወደ እንግሊዝ አገር ደብዳቤ ጻፈች። የደብዳቤዋም ጉዳይ የዘጠኝ ዓመት ልጅዋ ነበር። ልጁ አስላን ስለሚባል አንበሳ የሚተርኩ ልብ ወለድ መጻሕፍት አንብቦ አንበሳውን እጅግ ከመውደዱ የተነሣ፥ ውሎ አድሮ ከኢየሱስ ይልቅ አስላንን የወደደ መስሎ ስለ ታየው ይሰጋና ይጨነቅ ጀመር። እናቲቱ ልጅዋን በተግሣጽ ዝም ልታሰኘው ትችል ነበር፤ ወይም መጽሐፉን ከእጁ ወስዳ ልትቈልፍበት ትችል ነበር። እርስዋ ግን ነገሩን ለደራሲው አቀረበች፤ ደራሲውም መለሰላት።

ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ስለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ይኸውም አንድ ወጣት አንባቢ አንድን መጽሐፍ ከልቡ ወድዶ ሳለ፥ በዚያው በወደደው መጽሐፍ ምክንያት የሚያድርበት ሥጋት፥ ቅሬታና ቅያሜ ነው። ጉዳዩ የሕፃናት ጨዋታ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ልጅ በመጽሐፍ ምክንያት ሲያዝን፥ ያ ኀዘን ማንም ሳይመታው፥ ማንም ሳይሰድበው፥ በሐሳብ ብቻ ከሚደርሱበት ከመጀመሪያዎቹ ኀዘኖች አንዱ ስለ ሆነ፥ ከቢሮ ተመልሶ ጋዜጣውን ዘርግቶ የሚቀመጥ አባት ጥቂት ጆሮ ቢሰጠው አይከፋም።

ደራሲው ክላይቭ ስቴፕልስ ሉዊስ ይባላል። በ1898 በአየርላንድ ደሴት በቤልፋስት ከተማ ተወለደ። ከ1925 እስከ 1954 በኦክስፎርድ፥ ከዚያም በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የጥንቱን የአውሮፓ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር ኖረ። በወጣትነቱ እግዚአብሔር የለም ከሚሉት ወገን ነበር፤ በ1931 ግን ወደ ክርስትና ተመለሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ1941 እስከ 1944 በእንግሊዝ ራዲዮ ስለ ሃይማኖት ንግግር ያደርግ ስለ ነበረ፥ እኛ የማይክሮፎን ሰዎች የሙያ ባልደረባችን ነው ብንል ድፍረት አይሁንብን። ዛሬ ግን ስሙ በየአገሩ የሚጠራው ከሁሉ በላይ ከ1950 እስከ 1956 ድረስ በየዓመቱ አንድ አንድ እያደረገ ባሳተማቸው ሰባት የልጆች መጻሕፍት ነው። መጻሕፍቱ ናርኒያ ስለምትባል፥ በማናቸውም ካርታ ላይ ስለማትገኝ አገር የሚተርኩ ናቸው።

በመጀመሪያው መጽሐፍ «አንበሳው፥ ጠንቋይቱና ቁም ሣጥኑ» በሚለው ውስጥ ፒተር፥ ሱዛን፥ ኤድመንድና ሉሲ የሚባሉ አራት ወንድማማችና እኅትማማች ከለንደን የአየር ድብደባ እንዲድኑ ወደ ገጠር፥ ወደ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ቤት ይላካሉ። ከሁሉ ታናሺቱ ሉሲ ከአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ የተሰቀሉትን የጠጕር ካባዎች በእጅዋ እየገፋች ወደ ውስጥ ስትዘልቅ፥ ከእግርዋ በታች በረዶ ሲንኮሻኮሽ ሰማች። ወደ ፊት ብትመለከት በዱር መካከል አንድ የመንገድ ፋኖስ በርቶ ቆሟል። ጥቂት ቆይቶም ከወገቡ በላይ ሰው፥ ከወገቡ በታች ፍየል የሆነ አንድ ፍጡር ጃንጥላና ጥቅል ዕቃ ይዞ ብቅ አለ። ሉዊስ እንደ ተናገረው የመጽሐፉ ሁሉ መነሻ ይህ ሥዕል ነው። ከዐሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ በሐሳቡ ሲመላለስበት ኖሮ፥ ወደ አርባ ዓመቱ ገደማ ታሪክ ሊያደርገው ተነሣ።

ያች አገር በአንዲት ነጭ ጠንቋይ እጅ ወድቃ በረዶው የማያባራባት፥ የልደትም በዓል የማይደርስባት ሆና ነበር። ከአራቱ ልጆች አንዱ ኤድመንድ የጠንቋይቱን የቱርክ ጣፋጭ በልቶ ወንድሙንና እኅቶቹን አሳልፎ ይሰጣል። (መጽሐፉ በወጣበት ዘመን በእንግሊዝ አገር ከረሜላና ጣፋጭ ገና በኩፖን ይታደል እንደ ነበረ፥ ይህም እስከ 1953 እንደ ቆየ ስናስብ የኤድመንድ መሸነፍ ለዚያ ጊዜ ልጆች እንዴት ቅርብ እንደ ነበረ ይገባናል።) ከሐዲውን ለሞት የሚሰጥ ሕግ ስላለ፥ አስላን የተባለው ታላቅ አንበሳ ስለ ኤድመንድ ፈንታ ራሱን አሳልፎ ይሰጣል። ጎፈሩን ይላጩታል፥ ይዘብቱበታል፥ በድንጋይ ገበታ ላይም ያርዱታል። ሱዛንና ሉሲ ሌሊቱን ሙሉ በሬሳው አጠገብ ሲያለቅሱ ያድራሉ። ጎሕ ሲቀድ የድንጋዩ ገበታ ከሁለት ተሰንጥቆ፥ አንበሳው ሕያው ሆኖ ይቆማል።

ይህን ሲሰማ የሕማማትን ሰሞንና በማለዳ ወደ መቃብር የሄዱትን ቅዱሳት አንስት የማያስታውስ ክርስቲያን አድማጭ ያለ አይመስለኝም። የስሙም ምሥጢር ወደዚያው ያመለክታል። አስላን የሚለው ቃል በቱርክ ቋንቋ አንበሳ ማለት ነው፤ ሉዊስ ያገኘው ኤድዋርድ ሌን ወደ እንግሊዝኛ ከመለሰው «አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» የተባለ የዐረብ ተረት ማስታወሻዎች ውስጥ ነው። ነገር ግን ያሰበው የይሁዳን አንበሳ መሆኑን በ1952 ለአንዲት ልጅ በጻፈው ደብዳቤ ገልጾላታል። እንግዲህ በለገሃር የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት እያየ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ይህን መጽሐፍ ሲገልጥ፥ ከለንደን ልጅ ይልቅ ለአንበሳው ቤተኛ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ወደ አሜሪካዊው ልጅ ልመለስ። ሉዊስ ለእናቲቱ በጻፈው መልስ፥ ልጁ እንዲያ ያለ ስሜት ቢሰማውም እንኳ በእውነት አስላንን ከኢየሱስ አስበልጦ ሊወድ እንደማይችል አስረዳት። አስላንን የወደደባቸው ሥራዎችና ቃሎች ኢየሱስ በእርግጥ የሠራቸውና የተናገራቸው ስለ ሆኑ፥ ልጁ አስላንን ወደድሁ ባለ ጊዜ ሳያውቀው የሚወደው ኢየሱስን ነው። ምናልባት የሳበው የአንበሳው አካልና ግርማ እንደ ሆነም፥ የልጅን ምናብ የፈጠረ አምላክ ምናቡ እንዴት እንደሚሠራ ያውቃልና አይጨነቅ አለ። ከዚያም ልጁ ሊጸልየው የሚችል አንድ ጸሎት ጻፈለት። በጸሎቱ መጨረሻ ላይ፥ ሚስተር ሉዊስ በመጻሕፍቱ ሌሎችን ልጆች አስጨንቆ ወይም ጐድቶ እንደ ሆነ ይቅር እንዲባል፥ ዳግመኛም እንዳያደርገው እንዲረዳ የሚለምን ቃል ይገኛል። ደብዳቤው ከሌሎቹ ለልጆች ከተጻፉት ጋራ ተሰብስቦ በ1985 ታትሟል። ስንት ደራሲ ነው አንባቢው ይቅርታ እንዲለምንለት በጽሑፍ የሚጠይቅ?

ሉዊስ ታሪኩን ምሳሌ ብቻ ነው ሲሉት አይወድም ነበር። የእርሱ አነጋገር ሌላ ነው፤ ናርኒያን የመሰለ አገር ቢኖር፥ የእግዚአብሔርም ልጅ በዚህ ዓለም ሰው እንደ ሆነ በዚያ አንበሳ ቢሆን ምን ይደረግ ነበር ብላችሁ አስቡ ይል ነበር። በእኛ ቋንቋ ግን ይህን ነገር የምንጠራበት የራሳችን ስም አለን፤ ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ ቁም ሣጥኑ፥ በረዶውና አንበሳው ነው፤ ወርቁን ሁላችን አይተነዋል።

ነገር ግን ወርቁን ማግኘት ለሁሉ ደስታ አልሆነም። ላውራ ሚለር የምትባል አሜሪካዊት ጋዜጠኛና ሐያሲ በ2008 ባሳተመችው መጽሐፍ የራስዋን ነገር እንዲህ ትተርካለች። ልጅ ሳለች አስተማሪዋ የመጀመሪያውን የናርኒያ መጽሐፍ ሰጠቻት፤ አንብባም ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር የማትመኝ ሆነች። ያደገችው በካቶሊክ ቤት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ልብዋን አልሳበውም፤ ናርኒያ የግልዋ አገር፥ ከዚያ ሁሉ ግዴታ የምታመልጥበት ሥፍራ ነበረች። ወደ ጉርምስና ዕድሜ በገባች ጊዜ የአንበሳው ትርጕም ምን እንደ ሆነ አንብባ ተረዳች። ያን ጊዜ የተሰማት ደስታ ሳይሆን መታለል ነው። ሸሽታ የገባችበት ቤት፥ የሸሸችው ቤት የኋላ በር ሆኖ አገኘችው።

ይህ ነገር ለእኛ ጥቂት እንግዳ ነው። የቅኔ ተማሪ ገና ጉባኤ ቃና ሲቈጥር ሰም ብቻውን ቅኔ እንዳልሆነ ያውቃል፤ መምህሩም ወርቁን ይጠይቀዋል። ሰሚውም ወርቁን ባገኘ ጊዜ ራሱን እየነቀነቀ ያደንቃል እንጂ ተታለልሁ ብሎ አይቀየምም። ታዲያ ሚለር ለምን ተቀየመች? እንደ እኔ አስተያየት ልዩነቱ በጥሪው ላይ ነው። ቅኔ ሰሚ ወደ ቅኔ የሚመጣው ተጠርቶ፥ ምሥጢር እንዳለ ዐውቆ ነው። ያች ልጅ ግን ቅኔ እንደምትሰማ ማንም አልነገራትም። ሰሙን እንደ ሰም፥ በሙሉ ልብዋ ወደደችው፤ በኋላ ወርቁን ሲያሳዩዋት የወደደችው ነገር መሸፈኛ ብቻ ነበር የተባለች መሰላት። ሰው ወዳጁን ከወደደ በኋላ፥ «ወዳጅህ የመጣው ሌላ ሰው ልኮት ነው» ቢሉት ወዳጅነቱን ሁሉ እንደ ገና ይመረምራል።

የሚያስደንቀው ግን ሉዊስ ይህን ያደረገው ልጆችን ከዚሁ ሥቃይ ሊያድን አስቦ መሆኑ ነው። በ1956 በጻፈው አንድ ድርሰት ውስጥ እንዳስረዳው፥ ልጅ ሳለ ስለ አምላክና ስለ ክርስቶስ ሕማም እንዲህ እንዲህ ሊሰማህ ይገባል እየተባለ ስለ ተነገረው፥ ያ «ይገባል» የሚለው ቃል ስሜቱን አቀዘቀዘበት። ስለዚህ ያንኑ ነገር ሌላ ልብስ አልብሶ ቢያቀርበው ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነተኛ ኃይሉ ይታይ ይሆናል ብሎ አሰበ። ግዴታን ለማስወገድ ብሎ የሠራው ልብስ ለአንዳንዱ አንባቢ ከግዴታ የባሰ ሆነ ማለት ነው። ሚለር ግን መጽሐፉን ለዘላለም አልጣለችውም። ሃይማኖቱን ሳትቀበል፥ ጐልማሳ ሆና ተመለሰችበት፤ ዱሩን፥ የሚናገሩትን እንስሶች፥ ልጅ ሳለች በማንበብ ያገኘችውን ነጻነት እንደ ገና ፈለገችው። ያ የ2008 መጽሐፍዋ የዚህ መመለስ ታሪክ ነው።

ልጆች እንዲህ የሚጣበቁበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በ1955 የወጣውን «የአስማተኛው የእኅት ልጅ» የሚለውን ያንብብ። ዲጎሪ የሚባለው ልጅ እናት በሞት አፋፍ ላይ ናት። አስላን ከሩቅ አትክልት ቦታ አንድ ፖም እንዲያመጣ ይልከዋል፤ በዚያም ጠንቋይቱ ፍሬውን ሰርቆ ወደ እናቱ እንዲሮጥ ትፈትነዋለች። ልጁ ለእናቱ ያለው ፍቅር ሆዱን እየበላው ቃሉን ይጠብቃል። ችግሩን ለአንበሳው በነገረው ጊዜም ቀና ብሎ ቢያይ፥ የአንበሳው ዓይኖች ከእርሱ ዓይኖች የበለጠ እንባ አዝለዋል። በመጨረሻም አንበሳው ፖም ሰጥቶ ይልከዋል፤ እናቲቱም በልታ ትድናለች። አሁን የደራሲውን ሕይወት እንመልከት። የሉዊስ እናት በ1908 በነቀርሳ በሽታ ሞተች፤ እርሱም ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። እንድትድን ጸልዮ ነበር፤ አልዳነችም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ አገር ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። የእናቱን ሞት የሚተርክበት የሕይወት ታሪኩና እናቱን ያዳነው የዲጎሪ ታሪክ በአንድ ዓመት፥ በ1955 ታተሙ። ልጅ አንባቢ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ቢሆንም ከእውነተኛ ቍስል የወጣ ቃል ይሰማል፥ ይታወቀዋልም።

እንግዲህ ፍቅሩ ይህን ያህል ከሆነ ቅያሜው ከወዴት ይመጣል? ሁለት ዐይነተኛ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው በተለይ ለእኛ ልጆች የቀረበ ነው።

ከናርኒያ በስተ ደቡብ፥ ከበረሓ ማዶ፥ ካሎርመን የምትባል ታላቅ መንግሥት አለች። ሕዝቡ መልኩ ጠይም፥ ራሱ ጥምጥም፥ ሰይፉ ጐባጣ ነው፤ ባሪያ ይሸጣል፥ ጣሽ የሚባለውን አስፈሪ ጣዖት ያመልካል። በ1954 በወጣው «ፈረሱና ልጁ» በሚለው መጽሐፍ ውስጥ ሻስታ የሚባል ልጅ በዚያ አገር በአንድ ዓሣ አጥማጅ እጅ ያድጋል። አንድ መኰንን በእንግድነት መጥቶ፥ ዓሣ አጥማጁ ጥቍር ሲሆን ልጁ ነጭና መልከ መልካም ስለ ሆነ ልጅህ ሊሆን አይችልም ይለዋል። ሻስታም ይህን ሰምቶ በሚናገር ፈረስ ወደ ሰሜን ይሸሻል። አንባቢው ልጅ እስከዚያ ድረስ በልቡ ከሻስታ ኋላ ተፈናጥጦ ሲሸሽ ቆይቶ፥ የሚሸሻቸው ሰዎች የአባቱንና የአጎቱን መልክ የያዙ መሆናቸውን ድንገት ያስተውላል። ያን ጊዜ ከፈረሱ መውረድ ቢቃጣው ማን ይፈርድበታል?

ሉዊስ ይህን የጻፈው በክፋት ነው ለማለት አልደፍርም። ያ ሥዕል ከዐረብ ተረትና እርሱ ሲያስተምረው ከኖረው ከመስቀል ጦርነት ዘመን የጀግና ታሪክ የተቀዳ ነው። ደግሞም በሩን ፈጽሞ አልዘጋውም። በዚያው መጽሐፍ ከሁሉ የምትበልጠው ደፋር ልጅ አራቪስ የካሎርመን መኳንንት ልጅ ናት፤ በመጨረሻም ንግሥት ትሆናለች። በሰባተኛውም መጽሐፍ ኤሜት የሚባል ወጣት የካሎርመን ወታደር ዕድሜውን ሙሉ ጣሽን ሲያመልክ ኖሮ ሳለ፥ በቅን ልብ የፈለገው እውነትን ነበርና አስላን ይቀበለዋል። ኤሜት በዕብራይስጥ እውነት ማለት ነው፤ እኛ በግእዝ «አማን» ከምንለው ቃል ጋራ ሥሩ አንድ ነው። ይህን ቦታ ባነበብሁ ቍጥር ደስ ይለኛል። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፥ ሁለት ደጋግ ሰዎች የአንድን ሕዝብ ሥዕል አያጠሩም። ልጅ ይህን አስተውሎ ቢጠይቅ፥ አባት «ተረት ነው፥ ተወው» ብሎ ከሚያልፈው ይልቅ፥ ልጄ ማንበብ ዐወቀ ብሎ ቢደሰት ይገባዋል።

ሁለተኛው የሱዛን ነገር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አለችው። ሰባቱን መጻሕፍት በአንድ የክረምት ዕረፍት አንብባ ጨረሰች። ከቤታቸው ሄጄ መደርደሪያዋን ብመለከት ስድስቱ በወግ ቆመዋል፤ ሰባተኛው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ ዞሮአል። ምን አጥፍቶ ነው ብዬ ጠየቅኋት። «ሱዛንን ጥለዋት ስለ ሄዱ ነው፥ ጋሼ» አለችኝ። ቀጥላም ስድስቱን ገና ብዙ ጊዜ እንደምታነባቸው፥ ሰባተኛውን ግን እንደማትነካው ነገረችኝ። አባትዋ ሳቀ። እርስዋ አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። «የመጨረሻው ውጊያ» በሚለው በ1956 በወጣው መጽሐፍ ናርኒያ ታልፋለች፤ የቀድሞዎቹ ልጆችም ከእርስዋ ወደምትበልጠው ወደ እውነተኛይቱ አገር ይገባሉ። ከአራቱ ግን ሦስቱ ብቻ ናቸው። ሱዛን የት አለች ተብሎ ሲጠየቅ፥ ታላቅ ወንድምዋ ፒተር የናርኒያ ወዳጅ መሆንዋ ቀርቷል ብሎ በአጭሩ ይመልሳል። ሌሎቹም፥ ናርኒያን የልጅነት ጨዋታ ነበር እንደምትል፥ አሁን ሐሳብዋ ሁሉ በስስ ካልሲ፥ በከንፈር ቀለምና በግብዣ ጥሪ ላይ እንደ ሆነ ይጨምራሉ። ከዚህ በኋላ ስምዋ አይነሣም። ያች ሌሊቱን ሙሉ በአንበሳው ሬሳ አጠገብ ያለቀሰች ልጅ በጥቂት መሥመር ተሸኘች።

እንግሊዛዊው ደራሲ ፊሊፕ ፑልማን በ1998፥ ሉዊስ በተወለደ በመቶኛው ዓመት፥ «ጋርዲያን» በተባለው ጋዜጣ ላይ ናርኒያን በብርቱ ቃል ነቀፈ። ከነቀፌታዎቹም አንዱ፥ ሱዛን የተባረረችው ሴት ልጅ አድጋ ሴት ስለ ሆነች ነው የሚል ነው። ብዙ ሰዎች ከእርሱ ጋራ ተስማምተዋል። (ፑልማን ራሱ በ1995 የጀመረው ዝነኛ የልብ ወለድ ተከታታይ፥ አንዲት ልጅ ቁም ሣጥን ውስጥ ስትደበቅ መጀመሩን ያስተዋለ ሰው፥ የተቀየሙት መጽሐፍም አስተማሪ እንደሚሆን ያያል።) እኔ ግን ፑልማን ግማሹን ብቻ ያየ ይመስለኛል። ሉዊስ በ1952 ለልጆች ስለ መጻፍ ባደረገው ንግግር ውስጥ፥ ልጅ መባልን መፍራትና ትልቅ ሰው ለመምሰል መቸኰል ራሱ የልጅነት ምልክት ነው ሲል አስረድቷል። በመጽሐፉም ውስጥ አሮጊቲቱ ፖሊ ሱዛንን የምትወቅሳት ስለ ማደግዋ አይደለም፤ ያላደገች ሆና ያደገች ለመምሰል ስለ መሞከርዋ ነው። የመጀመሪያውንም መጽሐፍ መታሰቢያ ያደረገላት የክርስትና ልጁ መጽሐፉ እስኪታተም ድረስ አድጋ ተረት የማይመጥናት ሆና እንደ ነበረ፥ አንድ ቀን ግን ተረት እንደ ገና ለማንበብ እንደምትበቃ በፈገግታ ጽፎላታል። እንግዲህ የከንፈር ቀለሙ ራሱ ኃጢአት አይደለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ የባልደረባዬ ልጅ ቅያሜ ከፑልማን ነቀፌታ ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ነው። እርስዋ የጠየቀችው ሱዛን ለምን ተወቀሰች ብላ አይደለም፤ ለምን ተጣለች ብላ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ እንደሚገለጸው ፒተር፥ ኤድመንድና ሉሲ ወደዚያች አገር የገቡት በዚህ ዓለም በባቡር አደጋ ስለ ሞቱ ነው፤ አባትና እናታቸውም፥ የአክስታቸው ልጅ ዩስታስም በዚያው አደጋ ሞተዋል። ስለዚህ በዚያች ቀን እንግሊዝ አገር አንዲት ወጣት ሴት አባት እናትዋን፥ ሁለት ወንድሞችዋንና እኅትዋን ባንድ ጊዜ አጥታ ብቻዋን ቀርታለች። በእኛ አገር ቢሆን ጐረቤቱ ድንኳን ተክሎ፥ ዕድርተኛው ወንበር ተሸክሞ፥ የማያውቃት ሰው እንኳ ለቅሶ ይደርሳት ነበር። ደራሲው ግን ለቅሶ ደራሽ የሚሆናት አንድ መሥመር አልጻፈላትም። የገነት ደስታ በሚነገርበት ምዕራፍ ማንም እርስዋን አያስታውስም፤ ወንድሞችዋም ቢሆኑ አያስታውሷትም። የእናቱን ሞት ለማስተካከል አንድ ሙሉ መጽሐፍ የጻፈ ሰው እዚህ ላይ እጁ መታጠሩ ይገርመኛል።

ይህ ቅሬታ አዲስ አይደለም፤ ደራሲው በሕይወት ሳለም ደርሶታል። በ1957 አንድ ልጅ ሱዛን ምን ሆነች ብሎ ጻፈለት። ሉዊስም መጻሕፍቱ የሱዛንን መጨረሻ እንደማይናገሩ፥ በመጨረሻው ጊዜ በዚህ ዓለም በሕይወት እንደ ቀረች፥ ለመታረምም ገና ብዙ ጊዜ እንዳላት፥ ምናልባትም በራስዋ መንገድ ወደ አስላን አገር ትደርስ ይሆናል ብሎ መለሰለት። እንግዲህ በሩ አልተዘጋም ማለት ነው። ለባልደረባዬ ልጅ ይህን ብነግራት ጥቂት ዝም ብላ፥ ታዲያ ለምን በመጽሐፉ ውስጥ አልጻፈውም አለችኝ። እኔም ለዚህ መልስ አላገኘሁላትም፤ አንባቢ ሁሉ የደራሲውን ደብዳቤ አይደርሰውምና።

በ1960 ደግሞ ሌላ አንባቢ ስለዚሁ ነገር ጠየቀችው። ሉዊስ ያን ጊዜ ስለ ሱዛን ተስፋ እንዳልቈረጠ ገለጸ፤ ነገር ግን ያ ታሪክ ቢጻፍ ረዘም ያለና ወደ ትልቅ ሰው ልብ ወለድ የሚያዘነብል ስለሚሆን እርሱ ሊጽፈው እንዳልቻለ ነገራት። ቀጥሎም አንቺ ራስሽ ሞክሪው አላት። እርሱም ከሦስት ዓመት በኋላ፥ ኅዳር 22 ቀን 1963 አሜሪካዊው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉበት ዕለት ዐረፈ፤ ሱዛንን ሳያነሣት ቀረ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ሞክሪው የተባለውን ነገር ከሞከሩት አንዱ እንግሊዛዊው ኒል ጌይማን ነው። በ2004 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ ውስጥ፥ በወጣትነትዋ ቤተ ሰብዋን ሁሉ በባቡር አደጋ ያጣች አንዲት አሮጊት የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ስለ ልጆች መጻሕፍት ከአንዲት ወጣት ጋዜጠኛ ጋራ ትነጋገራለች። በዚያ ታሪክ ውስጥ ሬሳ የመለየቱም፥ ብቻ የመቅረቱም ኀዘን በግልጽ ተነግሯል። ነገር ግን በመካከሉ ለልጅ ዓይን የማይገባ ሻካራ ነገር ስላለበት፥ ሰባተኛውን መጽሐፍ ወደ ግድግዳ ላዞረች ልጅ ይህን እንደ መድኃኒት ገዝቶ ማቅረብ አይገባም፤ አባትዋ አስቀድሞ ያንብበው።